ከኢሜሉ ስር ያለው ፊርማ ሳይሆን ቲተር ነው

ነገሩ የጀመረው ጅቡቲ ያለው ወኪላችን ደውሎ «እህቴ፣ ማህተማችሁን በየቀኑ ለምንድነው የምትልኩልኝ?» ሲለኝ ነው። መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ከዛ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ የላኩትን ሁሉ ሳገላብጥ እውነትም ከእያንዳንዱ ኢሜል ስር የጋሼ ፊርማ አለ፣ ከጎኑ ክቡ ማህተም፣ ማህተሙ ደሞ ልክ ደብዳቤ ላይ እንደሚመታው ትንሽ ጠመም ብሎ። «ደረሰኝ አመሰግናለሁ» ብዬ የላኳት ሁለት ቃል እንኳን ሳትቀር ማህተም ተመቶባታል። «አባሪ አለ ብዬ እከፍታለሁ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) መጣ ብዬ እከፍታለሁ፣ ማህተም ነው» አለኝ ወኪሉ፣ ሰውዬው ትዕግስተኛ ስለሆነ እንጂ ሌላ ቢሆን ከዛ በፊት ይሰድበኝ ነበር።

እኔ የምሰራው አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። ጋሼ የምለው አለቃዬን ነው። እሳቸው፣ እኔ፣ ከዛ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲመላለሱ የሚውሉ ሁለት ልጆች፣ በቃ ይሄው ነን። ስራችን ወረቀት ነው። ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ለጉምሩክ የሚሞላው ዲክላራሲዮን፣ ዕቃው በመርከብ መጥቶ በከባድ መኪና ደጃችን ላይ ሲያልፍ እኛ ዕቃውን አናየውም፣ ወረቀቱን ነው የምናየው፣ ወረቀቱ ደሞ ከነጋ እስኪመሽ በኢሜል ነው የሚመላለሰው።

ኢሜሉን በስልክ ወይ በብሮውዘር አይደለም የምጠቀመው። ተንደርበርድ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ፋየርፎክስን ያወጡት የሞዚላ ሰዎች ያወጡት ነው፣ ነጻ ነው፣ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ከወጣ ከ2004 ጀምሮ አለ (የፈረንጆቹን ነው የምቆጥረው፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ ካልነገርኳችሁ በቀር ሁሉም ዓመት የነሱ ነው)። ለምን በሱ ስትሉኝ፣ መልዕክቱን ሁሉ አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀምጠው፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ያምናውን ቢል ኦፍ ሎዲንግ ፈልጌ አገኘዋለሁ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት መልሴን ሁሉ ጽፌ እጨርስና አውትቦክስ ውስጥ ተደርድሮ ይጠብቀኛል፣ ኔትወርኩ ሲመጣ በአንዴ ይሄዳል። መብራቱም ያው ነው። የአዲስ አበባ ዘመዶቼ ሲመጡ ኮረብታው ላይ ያሉትን የንፋስ ተርባይኖች እያዩ «ይሄን ሁሉ ተክላችሁ እናንተም መብራት ይጠፋባችኋል?» ይሉናል። አንደኛው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153፣ ሲደመር 204 ሜጋ ዋት እኛ ራስ ላይ እየተሽከረከረ የኔ ላፕቶፕ በባትሪ ነው የሚሰራው። የሚመነጨው ኃይል ሄዶ ዋናው መስመር ውስጥ ስለሚገባ ነው ብዬ ላስረዳ እሞክርና እተወዋለሁ።

ወደ ማህተሙ ልመለስ። ጋሼ አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ አስመጪ የመጣ ኢሜል አዩ፣ ከስሩ ስም፣ ስራ፣ ስልክ፣ አድራሻ ተደርድሯል፣ በጣም ደስ አላቸው። «የኔ ልጅ፣ ለኛም እንዲህ ፊርማ አስገቢልን» አሉኝ። እኔም ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ሳይ ቦታው በእንግሊዝኛ «ሲግኔቸር» ይላል፣ ሲግኔቸር ማለት ደሞ ፊርማ ነው አይደል? «ጋሼ፣ ፊርማዎን ይጠይቃል» አልኳቸው። እሳቸውም ነጭ ወረቀት አስመጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ያቺን ማንም የማያነባትን ፊርማቸውን ፈረሙ፣ ከዛ «ፊርማ ያለ ማህተም ምን ዋጋ አለው» ብለው መሳቢያቸውን ከፍተው ማህተሙን እፍ እፍ ብለው መቱበት። እኔ ስካን አደረግኩት። ፕሮግራሙ ላይ ፊርማውን ከፋይል አምጣ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፣ ጽሑፍም ምስልም ትቀበላለች፣ ቼክ አድርጌ ምስሉን ሰጠኋት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁለታችንም ኮራን።

ስካኑ 1.8 ሜጋ ባይት ነበር። ምስል በኢሜል ሲሄድ ወደ ፊደል ተቀይሮ ስለሚጠቀለል ሲሶ ያህል ይጨምራል፣ ስለዚህ 2.4 ገደማ ይሆናል፣ በቀን 30 ኢሜል ብልክ 72 ሜጋ ባይት ማህተም ወደ ጅቡቲ እየጫንኩ ነበር ማለት ነው። ያ ወር ፓኬጃችን ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ጋሼ ልጆቹን «ቲክቶክ ነው የምታዩት» ብለው ሲቆጧቸው ነበር፣ ልጆቹን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም እስካሁን፣ ይሄን ካነበቡ ይቅርታ።

የዳታው ነገር ግን ቀላሉ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ለአባቴ እንደ ቀልድ ሳወራለት አባቴ አልሳቀም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መንግስት መስሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የሰራው። ወረቀት ሲገባና ሲወጣ ቁጥር እየሰጠ፣ ደብተር ላይ እያስፈረመ። «ማህተም» አለኝ፣ «መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የሚያድረው ለምን ይመስልሻል? አንቺ ቁልፉን ለሰው ሁሉ እያደልሽ ነው»። ውሃ ሆንኩ። እውነቱን እኮ ነው፣ አንድ ሰው ያንን ምስል ቆርጦ ከሌላ ደብዳቤ ስር ለጥፎ ፕሪንት ቢያደርግ፣ ያውም ፎቶ ኮፒ አድርጎ ቢያመጣው፣ ማን ይለየዋል? በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ ቆጥሬ ልጨርሰው አልቻልኩም፣ ፎርዋርድ የተደረገውን ደሞ ከነጭራሹ አላውቀውም። ነጭ ወረቀት ላይ የተመታ ንጹህ ማህተም፣ ጽሑፍ እንኳን ያልነካው።

ከዛ አባቴ ተነስቶ ጓዳ ገባና የብስኩት ቆርቆሮውን ይዞ መጣ። ውስጡ የሚያስቀምጠው ነገር ጉድ ነው፣ የድሮ መታወቂያዎች፣ የማይሰራ ሰዓት፣ የእናቴ የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ እና ቲተሩ። ቲተር ለማታውቁት፣ መቼም የማያውቅ የለም ቢሮ የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ስምና የስራ ድርሻ ብቻ የተቀረጸበት ጠባብ ማህተም ነው። ኃላፊው ይፈርማል፣ ፊርማው አይነበብም፣ ስለዚህ ከስሩ ቲተሩ ይመታል፣ የፈረመው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው፣ ከዛ ክቡ ማህተም ከላዩ ያርፍበታል። ሶስት ነገር ነው፣ ሶስቱም የተለያየ ስራ አላቸው። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉንም ደብተሩንም ቆጥረው ተረክበውታል፣ ቲተሩን ግን «ስምህ ነው፣ ላንተ ካልሆነ ለማን ይሆናል» ብለው ተዉለት። እኛ ልጆች ሆነን እሁድ እሁድ ቤት እያመጣው ደብተሮቻችን ሽፋን ላይ ይመታልን ነበር፣ የኔ የሂሳብ ደብተር ላይ የአባቴ ስም ከነስራ ድርሻው ነበረ፣ የክፍል ልጆች የሂሳብ ደብተሬን የመንግስት ሰነድ አድርገውት ነበር።

«ይሄ ነው ከደብዳቤው ስር የሚፈልጉት» አለኝ ቲተሩን እያሳየኝ። ኢሜል በሕይወቱ ልኮ አያውቅም። እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰው ሴቲንጉ ፊት ቁጭ ብዬ ያልገባኝን ነገር ሳያየው ገባው። ሲግኔቸር የሚለው ቃል ነው ያሳተን፣ ፊርማ ብለን ስለተረጎምነው ፊርማ ይሆናል ብለን ጠበቅን፣ ቲተር ብለነው ቢሆን ኖሮ ጋሼም ማህተማቸውን ከመሳቢያ አያወጡም ነበር።

እንደውም እውነተኛው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሌላ ነገር ነው፣ አገራችንም ሕግ አላት፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ይባላል፣ ይሄኛው 2010 የኛው ነው። እሱ በዋናነት የሚያወራው በስሌት ስለሚሰራ ፊርማ ነው፣ ላኪው እሱ ብቻ በሚይዘው ቁልፍ ይፈርማል፣ ተቀባዩ በሌላ ቁልፍ ያረጋግጣል፣ መሃል ላይ አንድ ፊደል ከተነካ ያሳብቃል። ተንደርበርድም ከ2020 ጀምሮ ኦፕንፒጂፒ የሚባለውን የዚህ ዓይነት ፊርማ ውስጡ አስገብቷል፣ ግን ይሄ ሌላ ገጽ ላይ ነው ያለው፣ ስካን ከተደረገ ወረቀት ጋር ምንም አያገናኘውም። የስካን ምስል የሚያረጋግጠው ነገር ቢኖር እኛ ቢሮ ስካነር መኖሩን ነው።

በማግስቱ ገብቼ ምስሉን አጠፋሁት። ጋሼን ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ በመጨረሻ የአባቴን ንግግር ስነግራቸው ነው ዝም ያሉት፣ «መዝገብ ቤት የሰራ ሰው ያውቃል» ብለው። ከዛ በጽሑፍ እንስራው ተባለ፣ እኔም በአምስት ደቂቃ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ከድሮው ሌተር ሄዳችን ላይ ኮፒ አደረግኩት። ሌተር ሄዱ በድሮው ፓወር ግእዝ የተጻፈ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ስለጥፈው አማርኛው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ፣ ጋሼ «ቫይረስ ነው» አሉ ወዲያው። ቫይረስ አይደለም፣ ያ ፎንት የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግእዝ ስዕል አስቀምጦ የሚያታልል ነው፣ ፎንቱ ሲነሳ ከስሩ ያለው ይታያል። ግእዝ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት የፊደላት ዝርዝር) ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው፣ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም በእንደዚህ ዓይነት ፎንት የተጻፈ ስንት የቢሮ ወረቀት እንዳለ እግዜር ይወቀው። እሺ ብዬ እንደገና ጻፍኩት፣ አሁን ደሞ ኖትፓድ ላይ ጽፌ ፋይል አድርጌ ልስጠው አልኩ፣ ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው ዊንዶውስ 7፣ ሴቭ ሳደርግ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፣ እንደ ሁልጊዜው ሳላነበው ኦኬ አልኩት። ለራሴ ሙከራ ብልክ ፊርማው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ መጣ። ???? ???? ብሎ። ጋሼ ስክሪኑን አይተው «ምን እየጠየቀን ነው?» አሉ። ለካ ሴቭ ሲደረግ ከስር ኢንኮዲንግ (ፊደሉ በምን ዘዴ ይቀመጥ) የሚለውን ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የዩኒኮድ ዘዴ ማድረግ ነበረብኝ፣ ያኛው አንሲ የሚለው አማርኛ አይችልም፣ ያልቻለውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ይጥለዋል፣ ተመልሶም አይገኝም። በኋላ ፋይሉን ተውኩትና በቀጥታ አካውንት ሴቲንግ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ ጻፍኩት፣ ከፋይል የሚለውን ቼክ ግን ማንሳት አለባችሁ፣ እሱ እስካለ ሳጥኑ ደብዝዞ አያስነካችሁም።

ስንት መስመር ይሁን የሚለው ራሱን የቻለ ጦርነት ነበር። ጋሼ የሰጡኝ ረቂቅ 11 መስመር ነው፣ የንግድ ፈቃድ ቁጥር፣ ቲን ቁጥር፣ ፖ.ሳ.ቁ.፣ ሁለት የቢሮ ስልክ፣ ሁለት ሞባይል፣ ፋክስ (ፋክሱ ከተበላሸ ቆይቷል)፣ እና «ለቀልጣፋ አገልግሎት ይምረጡን»። በ1995 የወጣ አርኤፍሲ 1855 የሚባል የኢንተርኔት ስነምግባር ሰነድ አለ፣ ፊርማችሁን አሳጥሩ፣ ከአራት መስመር አይብለጥ ይላል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ለኢንተርኔት በደቂቃ ነው የሚከፍለው፣ መልዕክታችሁ በረዘመ ቁጥር እሱ ነው የሚከፍለው። በ1995 እኛ ጋ ለሕዝብ ኢንተርኔት ገና አልተጀመረም፣ ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር፣ ግን ያቺን ሳነብ ስለኛ ፓኬጅ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሶስት ባይት ነው፣ አራቱም መስመር ተደምሮ 120 ፊደል ቢሆን 360 ባይት፣ ከዛኛው 2.4 ሜጋ ጋር ስታወዳድሩት ሳቅ ነው።

አራት መስመር ብለን ተስማማን። አንደኛው መስመር ስም ነው፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። ከውጭ የሚጽፉልን ላኪዎች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ስለሚያስቡ ሁልጊዜ በአባቴ ስም ነው የሚጠሩኝ፣ ያውም ሚስተር እያሉ። ለዓመታት ጠዋት ኢሜል ስከፍት ፈረንጅ ለአባቴ ሰላምታ እያቀረበ ስለ ኮንቴይነር ይጠይቀዋል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፣ በኋላ ግን ሁለቱን ስም ገልብጬ ላስተካክል ብዬ ሳስብ እጄ እምቢ አለኝ፣ ያ ስም ደብተሬ ሽፋን ላይ የነበረው ስም ነው። ስለዚህ እንዳለ ተውኩትና ሴት መሆኔ እንዲታወቅ ከፊቱ ወ/ሪት ጨመርኩበት፣ እንግሊዝኛው ላይ ሚስ። እናቴ አይታው «ይሄንን ለዓለም ማወጅ ምን አስፈለገ» አለችኝ፣ እሷ ወ/ሪትነቴን ነው የምታየው።

ሁለተኛው የስራ ድርሻ፣ እሱን እለፉት፣ የኔ ደሞዝ የማይመጥነው ትልቅ ስም ሰጥተውኛል።

ሶስተኛው ቢሮውና ከተማው። ከተማዋ በይፋ አዳማ ከተባለች ከ2000 ጀምሮ ነው፣ ግን ጋሼ ሌተር ሄዳቸው ላይ ናዝሬት ነው ያለው፣ አዲስ አበባ መናኸሪያ ብትሄዱም ረዳቱ «ናዝሬት ናዝሬት» ብሎ ሲጣራ ትሰማላችሁ፣ እኔም ወረቀት ላይ አዳማ እጽፍና ስልክ ላይ «የት ነሽ» ሲሉኝ ናዝሬት እላለሁ፣ ሳላስበው። ጋሼ «ሁለቱንም ጻፊው፣ የድሮ ደንበኛ እንዳይጠፋብን» አሉኝ። የድሮ ደንበኛ እኮ አያነበውም፣ ስልካችንን በቃሉ ነው የሚያውቀው። አዳማ ብቻ ሆነ። ጋሼ ለሁለት ቀን ያህል ኩርፊያ ቢጤ ያዙ።

አራተኛው ስልክ፣ እዚህ ላይ ግማሹ ቢሮ የሚሳሳተውን ልንገራችሁ፣ +251 ካላችሁ በኋላ ዜሮዋ ትወጣለች። +251 09 ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፣ የቢሮውም 022 የነበረው 22 ይሆናል። እኛም ሌተር ሄዱ ላይ ዜሮዋ ነበረች፣ ከውጭ ደውሎ ያጣን ሰው ስንት ይሆን።

ከፊርማው በላይ ሁለት ሰረዝና አንድ ክፍት ቦታ ያላት መስመር ትመጣለች፣ እሷን ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚጨምራት፣ ከዚህ በታች ያለው ፊርማ ነው ማለት ነው፣ ልማዷን የሚያውቁ ፕሮግራሞች ከስሯ ያለውን ያደበዝዙታል። እኔ ሳላውቅ በራሴ ሰረዝ ጨምሬ ሁለት ሁለት ሆኖ ሲወጣ ነበር። ሌላው የሪፕላዩ ነገር ነው፣ ኮምፖዚሽን በሚለው ገጽ ላይ መልሴን ከላይ ጀምር ካላችሁት ፊርማውን ከመልሴ ስር ይሁን ወይስ ከጥቅሱ ስር ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ከጥቅሱ ስር ካላችሁ 14 ጊዜ የተመላለሰ ኢሜል መጨረሻ ላይ ሄዶ ይቀበራል። አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ለመለየት ደሞ በአንዱ አድራሻ ሁለት አይደንቲቲ (የየራሱ ፊርማ ያለው የላኪ ማንነት) ሰርቻለሁ፣ ስጽፍ ከላይ «ፍሮም» ከሚለው እመርጣለሁ፣ ፊርማው አብሮ ይቀየራል።

ከአራቱ መስመር በላይ ግን አንድ የደበቅኳት አምስተኛ መስመር ነበረች። «ከሰላምታ ጋር፣ መልካም የስራ ቀን ይሁንልዎ» የምትል። በየኢሜሉ ከመጻፍ ትገላግለኛለች ብዬ ነው እዛው ውስጥ ያስገባኋት። ሶስት ወር አገለገለችኝ። ከዛ ያ ጅቡቲ ያለው ወኪል እናቱ አረፉበት። ስልኩ አልነሳ ሲለኝ ኢሜል ጻፍኩለት፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑር፣ ጋሼም ልጆቹም አብረውህ አዝነዋል ብዬ፣ ቃል በቃል እያሰብኩ፣ እየሰረዝኩ፣ ላክሁት። ከላክሁት በኋላ ነው ያየሁት። ነፍሳቸውን በገነት ያኑር። ሰረዝ ሰረዝ። መልካም የስራ ቀን ይሁንልዎ።

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ፣ በዛ በአዳማ ሙቀት ላይ። ወኪሉ ምንም አላለም፣ ከሳምንት በኋላ ስራ ሲጀምር «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈልኝ፣ እኔ ግን ያን ቀን ገብቼ ሰላምታዋን ከፊርማው ውስጥ አወጣኋት። አሁን በየኢሜሉ በእጄ ነው የምጽፋት፣ ለአንዱ ከሰላምታ ጋር፣ ለአንዱ አክባሪዎ፣ ለወኪሉ ሰላም ዋል። ቲተር ላይ ሰላምታ አይቀረጽም፣ አባቴ ቲተሩን ሲያሳየኝ ያን ጊዜ ልብ ብል ኖሮ።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ አንድ ከባድ ኢሜል አጻፉኝ፣ ዕቃው ወደብ ላይ ከቆየ ኪራዩን ማን ይክፈል የሚል ክርክር ነው፣ ሁለት ገጽ ሆነ። ከስሩ የሳቸው ስም ከነአራት መስመሩ ወጣ። ላክሁት። «ፕሪንት አድርጊልኝ» አሉኝ። ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አነበቡት፣ ከስማቸው በላይ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ያቺን ማንም የማያነባትን ፊርማቸውን ፈረሙ፣ መሳቢያውን በቁልፍ ከፈቱ፣ ማህተሙን እፍ እፍ ብለው ግማሹ ስማቸው ላይ እንዲያርፍ አድርገው መቱት፣ መሳቢያውን መልሰው ቆለፉ።

«አሁን ፋይል አድርጊው» አሉኝ። ፋይል አደረግኩት።